ሚልጋ ምጽዋት አይደለም



ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ልትሰናበተኝ መጣች። መምህርት ለመሆን የምትማርና ሁለተኛ ዓመቷን ልትጨርስ ጥቂት የቀራት ልጅ ናት። ውጤቷ ጥሩ ነው፤ ለሥራ ልምምድ የተላከችበት ትምህርት ቤትም ወዷታል። «ምን ሆነሽ ነው?» ብላት፣ «ገንዘብ» አለችኝ። ከጦሩ ስትወጣ የተሰጣት ፒቃዶን በመጀመሪያው ዓመት አልቋል። አባቷ ጥበቃ ነው፤ እናቷ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ከእሷ በታች አራት ልጆች አሉ።

«ለስንት ሚልጋ አመለከትሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ለአንድም» አለች። «ድኻ ነኝ ብዬ መጻፍ አፈርኩ። አባባም የሰው እጅ አትዪ ይለኛል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያን ቀን በጣም ተናደድኩ። በልጅቷ አልተናደድኩም። በአባቷም አልተናደድኩም፤ እኒያ ሰው በሱዳን በረሃ በእግራቸው ያለፉ፣ የማንንም እጅ ሳያዩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። የተናደድኩት ለእነሱ የተመደበውን ገንዘብ የእነሱ መሆኑን እንዳያውቁ ባደረጉት ሁሉ ነው። ከእነዚህም ውስጥ እኛ ለማኅበረሰቡ እንሠራለን የምንለው ሰዎች አለንበት። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ይህ «የሰው እጅ» የሚባለው ነገር ይጥራ። አዲስ ገቢ ተማሪዎችን የሚረዳው ሚንሃል ሃስቱደንቲም የተቋቋመው በ1968 ነው። ልብ በሉ፤ መንግሥት የሕገ ተመላሽነት መብት ለቤተ እስራኤልም ይገባል ብሎ የተቀበለው በ1975 ነው። እንግዲህ ይህ መሥሪያ ቤት እኛ በጎንደርና በትግራይ ሆነን ኢየሩሳሌምን ስንናፍቅ፣ ማንም ሳያስበን ለሌሎች የተከፈተ ነው። ከአሜሪካ የመጣው ተምሮበታል፤ ከአርጀንቲና የመጣው ተምሮበታል፤ ከሶቪየት ኅብረት የመጣው በብዛት ተምሮበታል። ከእነሱ አንዱን እንኳ «ምጽዋት በላህ» ያለው ሰው አልሰማሁም። ታዲያ እኛ ዘንድ ሲደርስ በምን ምክንያት ነው ስሙ ተለውጦ እርዳታ የሚሆነው?

ከጦር የወጣ ወታደር የሚያገኘውም እንዲሁ ነው። ፒቃዶኑና ማዓናቁ በ1994 በወጣው የተሰናባች ወታደሮች ሕግ የተጻፉ ናቸው። ልጃችን ወጣትነቱን ሰጥቶ የተቀበለው ዋጋ እንጂ ማንም ከኪሱ ያወጣለት አይደለም። ፔራሕም ቢሆን ከ1974 ጀምሮ የሚሠራ ፕሮጀክት ሲሆን፣ ተማሪው አንድን ሕፃን በሳምንት ጥቂት ሰዓት እያስጠናና እየተከታተለ ከትምህርት ክፍያው የተወሰነውን ያገኛል። ይህ በሥራ የተገኘ ገንዘብ ነው። ደግሞም ልጆቻችን በፔራሕ ሁልጊዜ ተረጂ ሆነው ከሚታዩ አንድ ቀን አስጠኚ ሆነው ቢታዩ ለታናናሾቻቸው ትልቅ ነገር ነው።

ወደ መሥሪያ ቤቶቹ ልምጣ። እነሱ «በሩ ክፍት ነው፤ የሚመጣው ግን ጥቂት ነው» ይላሉ። በሩስ ክፍት ነው፤ ግን ወደ በሩ የሚያደርሰው መንገድ የት ነው? ማስታወቂያው የሚወጣው ሕግ አዋቂ በሚጽፈው ዓይነት ዕብራይስጥ ነው። ቀነ ገደቡ በመጨረሻው ገጽ በትንሹ ይጻፋል። ወላጅ የሚፈርምበት ፎርም ወላጅ በማያነበው ቋንቋ ይመጣል፤ ወላጅም ልጁን ጠርቶ «ምን ይላል?» ይላል። እናትና አባት በራሳቸው ቤት በልጃቸው ፊት ማይም የሚሆኑት በዚህ ዓይነት ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ፕሲኮሜትሪ እንኳ ተመልከቱ፤ በዐረብኛ ይሰጣል፣ በሩሲያኛ ይሰጣል፣ በአማርኛ አይሰጥም። እዚህ ተወልደው ላደጉ ልጆቻችን የአማርኛ ፈተና አያስፈልጋቸው ይሆናል። ነገር ግን ደንብ ሲወጣ ማን እንደታሰበና ማን እንደተረሳ ከዚህ ይታወቃል።

የራሴን ልጨምር። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስመጣ ልጅ ነበርኩ። ጦሩን ጨርሼ ትምህርት ልጀምር ስል ከአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። አባቴ ተቀበለው። የመንግሥት ማኅተም አለበት፤ ስለዚህ በክብር አጥፎ ከኢትዮጵያ ይዞት በመጣው ሳጥን ውስጥ ከመታወቂያዎቻችን ጋር አስቀመጠው። ለእሱ ማኅተም ያለበት ወረቀት የሚጠበቅ ነገር ነው፤ መልስ የሚሻ ነገር መሆኑን ማን ነገረው? እኔ ያገኘሁት ከበዓላት በኋላ ነው። ይዤ ብሄድ ጸሐፊዋ «ጊዜው አልፏል፤ በጊዜው ለምን አልመጣችሁም?» አለችኝ። ቀጥላም በደግነት መልክ፣ «ለእናንተ እኮ አጭር ኮርስ ይሻላችኋል፤ ቶሎ ሥራ ትይዛላችሁ» ብላ መከረችኝ። ገንዘቡ ቢያመልጠኝም አንድ ቀን ይረሳል። ያቺ «ለእናንተ» የምትለዋ ቃል ግን እስከ ዛሬ አልወጣችልኝም።

ይህን «ለእናንተ የሚሻላችሁ» የሚል ምክር ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ባግሩት ሳይጨርስ የቀረ ልጅ መኺና እንዳለ ሳይነገረው ወደ ሙያ ኮርስ ይላካል። የኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ባግሩትም ሆነ ፕሲኮሜትሪ ሳይጠይቅ እንደሚቀበል የሚነግረው የለም። ሙያ ክቡር ነው፤ የሚንቀው ሰው ሞኝ ነው። ነገር ግን ልጁ ራሱ ሲመርጠውና ሌላ ሰው ቆዳውን አይቶ ሲመርጥለት አንድ አይደለም።

ሌላም ወጥመድ አለ። በመንግሥት በጀት በሚተዳደር ዩኒቨርሲቲ ወይም ሚክላላ የመጀመሪያ ዲግሪ የዓመት ክፍያ ከ10 ሺህ ሸቅል ይበልጣል። በግል ሚክላላ ግን ከዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። መዝጋቢው ግን ፈገግ እያለ «አትጨነቁ፣ ሚንሃሉ ይከፍላል» ይላል። ሚንሃሉ የሚከፍለው በዩኒቨርሲቲ ክፍያ ልክ ብቻ ነው፤ የቀረው በተማሪው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ይህ ሳይገባቸው ፈርመው ዲግሪውን ሳይጨርሱ ዕዳውን የወረሱ ቤተሰቦች አሉ። ሻጭ ሲቸኩል እናንተ ዝግ በሉ።

ስለ በጎ አድራጊዎችም አንድ ነገር ልበል። ልጆቻችንን ከልባቸው የሚረዱ ሰዎች አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ሚልጋ ሰጥተው ልጁ በግብዣ አዳራሽ ቆሞ የእናቱን ጎጆ፣ የወንድሙን ረኃብ እንዲተርክ የሚያስገድዱም አሉ። ተማሪን ፎቶ አንስቶ «ከጎጆ ወደ ዩኒቨርሲቲ» ብሎ መለጠፍ ምን ይሉታል? ያ ልጅ የተወለደው ኔታንያ ነው፣ ያደገው ሬሆቮት ነው፤ ጎጆውን እሱም አያውቀው። ልጆቻችን ምስጋና ያውቃሉ፤ ድህነታቸውን ግን ለመድረክ አያቅርቡ።

እዚህ ላይ ከወገኖቼ አንዳንዶች ይቃወሙኛል። «ለኢትዮጵያ ልጆች ተብሎ የተለየ ገንዘብ መቀበል ራሱ ውርደት ነው፤ እንደማንኛውም ዜጋ እንሁን» ይላሉ። ሐሳቡ ይገባኛል፤ በከፊልም እስማማለሁ። ዓላማችን የተለየ መዝገብ የማያስፈልገን ቀን እንዲመጣ ነው። ነገር ግን ያ ቀን የሚመጣው የተማረ ሰው ስናበዛ እንጂ በኩራት ቤታችን ስንቀመጥ አይደለም። ሌላው ዜጋ የሚገባውን አንድ ሸቅል አይተውም፤ እኛ ብንተወው እኩል አንሆንም፤ ገንዘቡ ብቻ ወደ ሌላ ይሄዳል። ደግሞም አብዛኞቹ ሚልጋዎች ኢትዮጵያዊ ነህ ወይ ብለው አይጠይቁም። ፔራሕ አይጠይቅም።  ኢምፓክት የሚባለው፣ በውጊያ ክፍል ላገለገሉና የቤተሰባቸው አቅም ዝቅተኛ ለሆነ ወጣቶች የሚሰጠውም አይጠይቅም። እነዚህ የሁሉም ናቸው፤ እኛ ግን የእኛ አይመስሉንም።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያልን አድገናል። በአገራችን ለትልቅ ሰው ዝም ማለት ጨዋነት ነበር፤ ትልቁም ሰው የዝምታውን ትርጉም ያውቅ ነበር። እዚህ ግን ዝም ያለ ሰው «አልፈለገም» ተብሎ ይመዘገባል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውም እኮ የአባቶቻችን ነው፤ ለምን አንዱን ይዘን ሌላውን ረሳን? ደግሞ ለሠርግ ከባንክ ስንበደር አናፍርም። አዳራሹን፣ ዘፋኙን፣ ሥጋውን በዕዳ እናደርጋለን። ለልጅ ትምህርት ፎርም መሙላት ግን ያሳፍረናል። ይህን ስጽፍ ራሴንም ጨምሬ ነው።

ስለዚህ ከመስከረም በፊት በየቤታችን የሚሠራው ይህ ነው፦

1ኛ. ከወር በፊት አንድ ፋይል አዘጋጁ። የመታወቂያ ቅጂ ከነስፋሑ፣ የእናትና የአባት የመጨረሻ ሦስት ወር ትሉሽ፣ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የሚገኝ ወረቀት፣ የጦር መሰናበቻ፣ የትምህርት ኢሹር፣ የባንክ ሒሳብ ማረጋገጫ። አብዛኞቹ ሚልጋዎች የሚጠይቁት እነዚህኑ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሰበሰቡ ለሁሉም ይሆናሉ።

2ኛ. ለአንድ ሚልጋ አመልክታችሁ አትቀመጡ። ሚንሃል ሃስቱደንቲምን፣ የሚክላላውን የዴካን ሃስቱደንቲም ቢሮ፣ የትምህርት ሚኒስቴርን የሚልጋ ፈንድ፣ የከተማችሁን ዒሪያ፣ ፔራሕን ጠይቁ። ብዙዎቹ የሚከፈቱት ከበጋ ጀምሮ እስከ ስግድ ሰሞን ነው።

3ኛ. ሚንሃሉ ለአዲስ ገቢ በጠቅላላ ያወጣው የጊዜ ገደብ አለ፤ የጦር አገልግሎት ግን በዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ለኢትዮጵያ ተወላጆች ደግሞ የተለየ ደንብ አለ። ስለዚህ «ጊዜህ አልፏል» ያለውን ሰው «የትኛው ደንብ?» በሉት።

4ኛ. ፒቃዶኑን መጨረሻ ንኩት። መጀመሪያ ሚልጋው ይታይ። ገንዘቡ በአምስት ዓመት ውስጥ ለትምህርት፣ ለቤት፣ ለሠርግና ለመሳሰለው ይወጣል፤ ስለዚህ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

5ኛ. ከመንግሥት ሁለት ሚልጋ አንድ ላይ መውሰድ የሚከለከልበት ጊዜ አለ። ሳትደብቁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በኋላ መልሱ ከመባል ይሻላል።

6ኛ. መምህር ለሚሆኑ «የተገደበ ብድር» የሚባል አለ። ተመርቆ የተባለውን ያህል ዓመት ላስተማረ ሰው ብድሩ ስጦታ ይሆናል፤ ትቶ ለሄደ ግን ብድር ሆኖ ይቀራል። ከመፈረማችሁ በፊት ስንት ዓመት፣ የት፣ ምን ትምህርት እንደሚል አስነብቡ።

7ኛ. «አይቻልም» ከተባላችሁ መልሱን በጽሑፍ ከነምክንያቱ ጠይቁ። የቃል እምቢታ እምቢታ አይደለም። በጽሑፍ ላይ ይግባኝ ይባላል።

ከመሥሪያ ቤቶቹ የምንጠይቀውም ግልጽ ነው። ወላጅ የሚፈርምበት ፎርም ሁሉ በአማርኛና በትግርኛም ይዘጋጅ። ቀነ ገደቡ በአማርኛው ራዲዮ ይነገር። ሕዝባችን በብዛት ባለበት ማትናስ ሁሉ በምዝገባ ሰሞን ፎርም የሚያስሞላ ሰው ይቀመጥ። ልጆቹ ጦር ከመግባታቸው በፊት፣ ገና 12ኛ ክፍል ሳሉ መብታቸው ይነገራቸው።

ከራሳችንም የምጠይቀው አለ። ስግድ ከ2008 ጀምሮ የመንግሥት በዓል ነው፤ በኢየሩሳሌም በሺህ የሚቆጠር ሕዝባችን ይሰበሰባል። ቄሶቻችን ጸሎቱን ሲያሳርጉ፣ ሕዝቡም እንጀራውን ሲቆርስ፣ በጎን አንድ ጠረጴዛ እናውጣ። ዲግሪውን የጨረሰ ልጅ ገና የሚጀምረውን አጠገቡ አስቀምጦ ፎርሙን ያስሞላው። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ የተማረ ሁሉ አንድ ሰው ይዞ ይለፍ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና።

ያቺ ተማሪ ምን ሆነች ትሉኝ ይሆናል። የዚያ ዓመት ጊዜ አልፎባት ነበርና ግማሽ ዓመት ከትምህርት ቀርታ ሱፐርማርኬት ሠራች። በእነዚያ ወራት ማታ ማታ እየተገናኘን አራት ማመልከቻ ጻፍን። ሁለቱ እምቢ አሉ፤ ሁለቱ ሰጡ። አባቷ የፈረሙበትን ፎርም ቃል በቃል በአማርኛ አነበብኩላቸው። ሲጨርሱ፣ «ታዲያ ይህ እኮ ልመና አይደለም፤ ልጄ አገልግላበታለች» አሉኝ።

እኔ በብዙ ቃል ያልኩትን እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት። ሳጥናችሁን ክፈቱ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ካለ አውጥታችሁ አስነብቡ።

ሻሎም ለሁላችሁ።