ፉከራ ብቻ ሰምቶ የተጻፈ

«ግጥም ዘረኝነትን አይጋፈጥም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል» የሚል አስተያየት ሰሞኑን ታትሞ አነበብን። ማስረጃው በትግራይ ጦርነት ወቅት የተሰማው ሽለላና ፉከራ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሕዝብን በጅምላ የሚሳደብ ስንኝ ሞልቶ ነበር፤ አንዳንዱማ ቤት እንኳ በቅጡ አይመታም።

ታዲያ ፉከራውን የሰማ ጆሮ ሙሾውን እንዴት ሳተው? ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ቆቦ ላይ የትግራይ ተዋጊዎች ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘግቧል። ሪፖርት ግድያውን ይመዘግባል፤ አልቃሽ ግን ሟቹን ታነሳዋለች፦ እርሻውን፣ ደግነቱን፣ ለእንግዳ ያሳይ የነበረውን ፊት። ገዳይ የብሔር ስም ብቻ ያየበትን ሰው መልሳ ሰው ታደርገዋለች።

«ራያ መጀመሪያ ማንነቱን ይወስን፣ ከዚያ ይግጠም» የሚለው የአስተያየት ሰጪው ምክር ደግሞ ይብሳል። በራያ ምድር፣ ከቆቦ እስከ አላማጣ፣ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ሲቀላቀሉ ኖረዋል፤ የራያው ጭፈራ ጉማዬ ሲመታ ማን መታወቂያ ይጠይቃል?

ቆቦ ያለችበት ወሎ በግጥም ጥላቻን ለመጋፈጥ እንግዳ አይደለም። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊም ክርስትና እንዲቀበል ሲያስገድዱ፣ ሼህ ጦልሃ ጃፈር በጦር ተቃወሙ። መንዙማቸውን ግን በአማርኛም ገጠሙ፤ በዓረብኛ ፊደል እየጻፉ። አማርኛን ለአሳዳጁ ቤተ መንግሥት ብቻ አልተዉለትም።

አስተያየት ሰጪው ይህን ሁሉ «ባህላዊ ጭፈራ» ብሎ በሁለት ቃል አልፎታል።