ስለ እንስሳት ፍትሕ የሚመራመር ወጣት ሊቅ ምን ይገባዋል?

በየአገሩ ባሉት ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ልማድ ሆኖ ክብርና ሽልማት የሚሰጠው ጠጉሩ ለሸበተ፣ መጻሕፍቱ ለበዙና ስሙ አስቀድሞ ለታወቀ ሊቅ ሲሆን፣ ገና በጅምር ላይ ያለው መምህር ግን፣ ይልቁንም የመረጠው ርእስ ከታወቁት የትምህርት ክፍሎች በአንዱም ቅጥር ውስጥ በቀላሉ የማይገባ ከሆነ፣ የድካሙ ፍሬ እስኪታይ ድረስ እንጀራውን ከሌላ ዘንድ እንዲፈልግ ይተዋል። የእንስሳትን መብት ከመንግሥትና ከሕግ ፍልስፍና ጋር አያይዘው የሚመረምሩ ወጣቶች ከዚህ ወገን ናቸው፤ የፖለቲካው ክፍል «ይህ የግብረ ገብ ነገር ነው» ሲላቸው፣ የፍልስፍናው ክፍል ደግሞ «ይህስ የሕግ አውጪዎች ጉዳይ ነው» ብሎ ይመልሳቸዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ለእነዚህ ሰዎች ክብር መሰጠት ያለበት ሳይታወቁ ገና ዛሬ ነው፤ ክብሩም በግድግዳ ከሚሰቀል የምስክር ወረቀት ይልቅ የጥናት ጊዜና የማስተማሪያ ወንበር ቢሆን ይሻላል።

አብነት የሚሆኑን አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ሺቮን ኦሱሊቫን ናቸው። እኒህ ሴት እ.ኤ.አ. በ2011 «እንስሳት፣ እኩልነትና ዴሞክራሲ» በተባለው መጽሐፋቸው ያነሡት ነገር ሲሰሙት ቀላል፣ ሲያሰላስሉት ግን የሚከብድ ነው፤ ይኸውም አንዲት ጥንቸል በሰው ቤት የልጆች ባልንጀራ ሆና ስትኖር ሕግ ከግፍ ሲጠብቃት፣ መሰሏ ጥንቸል ግን፣ በሥጋዋም ሆነ ሕመም በመሰማቷ ከፊተኛይቱ ሳትለይ፣ በቤተ ሙከራ ወይም ለሥጋ በምትረባበት ስፍራ በመገኘቷ ብቻ፣ በፊተኛይቱ ላይ ቢፈጸም በወንጀል የሚያስጠይቀው ነገር እንደ ተፈቀደ ተቈጥሮ ይፈጸምባታል። የዚህ ልዩነት ምክንያት፣ ደራሲዋ እንዳስረዱት፣ የአንዲቱ ለሕዝብ ዓይን መታየትና የሌላይቱ መሰወር ነው። ሙግታቸው ሰውና እንስሳ እኩል ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን የቈየ ክርክር አስቀድመን እንድንፈታ አያስገድደንም፤ እንስሳት እርስ በርሳቸው እንኳ በሕግ ፊት ስለ ምን እንደሚበላለጡ ይጠይቃል፤ ደግሞም ዜጋው አይቶት የማያውቀውን ነገር እርሱ ፈቅዶታል ለማለት እንዴት ይቻላል ብሎ ሕግ አውጪውን ይሞግታል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከእንግሊዛዊው ሊቅ ከሮበርት ጋርነር ጋር ሆነው በዚህ መስክ የሚደክሙትን የሰበሰበ መድበል አዘጋጅተዋል። ሆኖም በዩኒቨርሲቲ ከሠሯቸው ጥናቶች ዐቢዩ ክፍል መንግሥታት ለሥራ አጦች ስለሚያቀርቡት አገልግሎት ነበር። ይህም የተከበረ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የእንስሳትን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ሁለት ቀንበር መሸከም እንደሚኖርበት ያሳያል። በ2023 ዐረፉ።

የመጽሔት አዘጋጅ አስተዋይነት ምን ያህል እንደሚያፈራ ደግሞ ከዚያ ቀደም ታይቶ ነበር። በኦክስፎርድ የነበሩ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1971 በእንስሳት ላይ ስለሚደርሰው ግፍ አንድ መድበል ባወጡ ጊዜ የእንግሊዝ ጋዜጦች ችላ አሉት፤ ከወዳጆቻቸው አንዱ የነበሩት፣ ዕድሜያቸው ገና 27 ያልሞላ ፒተር ሲንገር ግን ስለ መጽሐፉ ሐተታ ጽፈው «ኒው ዮርክ ሪቪው ኦፍ ቡክስ» ለተባለው መጽሔት ላኩ። መጽሔቱም የጸሐፊውን አለመታወቅ ሳይመለከት በ1973 አተመላቸው፤ በ1975 የወጣውና በዓለም የተሰማው «የእንስሳት ነጻነት» የተባለው መጽሐፋቸው ከዚያ ሐተታ የበቀለ ነው። ያን የመጽሔት ገጽ ከብዙ ሜዳልያ አስበልጬ አየዋለሁ።

ስም ያለው ሰውማ ብዙ አይቸገርም። የፌዴራል ሥርዓታችን ክርክር በተነሣ ቍጥር ስማቸው የሚጠራው፣ ስለ ኢትዮጵያም ብሔር ተኰር ፌዴራሊዝም እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ መድበል ምዕራፍ ያላቸው ካናዳዊው ዊል ኪምሊካ፣ ከሱ ዶናልድሰን ጋር በ2011 «ዙፖሊስ»ን ሲያሳትሙ፣ ለማዳ እንስሳት እንደ ዜጋ፣ አራዊትም የራሳቸው ግዛት እንዳላቸው ሕዝቦች ሊታዩ ይገባል ብለው በድፍረት ተከራክረዋል። ላም ዜጋ ናት መባሉን እኔ ፈጽሜ አልተቀበልሁትም፤ ሙግቱን ግን አቅልሎ የሚያልፍ አንባቢ ይኖራል ብዬ አላምንም። ይህንኑ ሐሳብ አንድ የማይታወቅ ረዳት መምህር ቢያቀርበው ኖሮ ማን ያነብለት ነበር?

«ሰው በሚራብበት አገር ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። የሙሴ ሕግ የሰንበትን ዕረፍት ለበሬና ለአህያም ያዘዘው በጥጋብ ዘመን ለሚኖር ሕዝብ ብቻ አልነበረም። በእኛም ዘንድ በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በነዋሪው ተቃውሞ ምክንያት ሲዘጋ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ ጉባኤያቸው አህያን ለቆዳዋ ሲሉ ማረድን ሲያግዱ፣ ንግድ፣ ባህል፣ የገበሬው ኑሮና የፍጥረቲቱ ሕመም በአንድ ጊዜ ለፍርድ ቀርበው ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር የሚዳኝ ባለሥልጣን በምን መሠረት መዳኘት እንዳለበት አጥንቶ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

በዚያችው በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ የሕግና የፍልስፍና ትምህርት ክፍሎችም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። እነዚህ ሦስቱ ተባብረው፣ በዚህ ርእስ ለመመራመር ለሚፈልግ አንድ ወጣት መምህር ከሌላ ሥራ ነጻ የሆነ ሁለት ዓመትና መጠነኛ ደመወዝ እንዲመድቡለት፣ ጥናቱም በአማርኛ ጭምር ታትሞ ለሕዝብ እንዲደርስ እንዲያደርጉ ኃላፊዎቻቸውን በአክብሮት እጠይቃለሁ።