ከመሣሪያው ክፍሉ ይቅደም

የሰው ድምፅ ከአፍ ወጥቶ በነፋስ ከመበተን ከዳነ ገና ብዙ ዘመን አልሆነውም። ኤዲሰን የተባለው አሜሪካዊ ድምፅ የሚቀርጸውን ፎኖግራፍ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። ከዚያ ጥቂት ዘግይቶ ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ቃል በዚሁ መሣሪያ ተቀረጸ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም ወደ ጀርመን አገር በሄዱ ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ሥራውን ሲጀምር እንኳ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች የታተሙት ህንድ አገር ተልከው ነበር። ድምፅን ማስቀረት ማለት ባሕር መሻገር ማለት የነበረበት ጊዜ እንግዲህ ሩቅ አይደለም።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። አንድ ኮምፒዩተር፥ አንድ ማይክሮፎንና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ያለው ሰው በገዛ ቤቱ ስቱዲዮ ሊያቋቁም ይችላል። በክፍላችን ውስጥ እንኳ ይህን የሚመኙ ብዙዎች ናቸው፤ ወሬያቸውም ሁሉ ስለ ማይክሮፎን ዓይነትና ዋጋ ነው። እኔ በበኩሌ ይህ አካሄድ ጋሪውን ከፈረሱ ማስቀደም ነው እላለሁ። የዚህም ጽሑፍ አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ገንዘባችንን ለመሣሪያ ከማውጣታችን በፊት ክፍሉን እናዘጋጅ የሚል ነው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው ብቻ ሳይሆን በራሴ ጥፋት ተምሬው ነው።

የአባቴን እናት በቤታችን ልማድ አኮ እንላት ነበር። አኮ በወጣትነቷ ሸጎዬ ሲጨፈር ግንባር ቀደም እንደ ነበረች ጎረቤቶቻችን ሁሉ ይመሰክሩላታል። የልጅ ማባበያውን፥ የሠርጉን፥ የከብቱን ዘፈን ሁሉ በኦሮምኛ ታውቅ ነበር። ባለፈው ዓመት በቡና ለቀማ ያገኘሁትን ገንዘብ አጠራቅሜ፥ አባቴም ጨምሮልኝ፥ አንድ ማይክሮፎን ገዛሁ። በማግሥቱም አኮን ከባዶው ሳሎናችን መካከል አስቀምጬ «እስቲ አኮ፥ ዝፈኚልኝ» አልኳት። እርሷም ሳትሰለች አንድ ሰዓት ሙሉ ዘፈነችልኝ።

በኋላ ስሰማው ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። ቃሉ ከግድግዳው እየተመለሰ እርስ በርሱ ይደራረባል። ከመካከሉም ጫት የጫነ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ያልፋል፤ ወዲያውም ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረና የቀረውን ሁሉ ዋጠው። «ግድ የለም፥ ሌላ ቀን እንደግመዋለን» ተባባልን። ሌላው ቀን ግን አልመጣም፤ አኮ በኅዳር ወር ታማ ዐረፈች። አባቴ አንድ ማታ «እስቲ ያን የእናቴን ድምፅ አሰማኝ» አለኝና ከፈትኩለት። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ አዳመጠና «ዝናቡን ሰማሁት፤ እናቴን ግን አልሰማኋትም» ብሎ ተነሣ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ለፊዚክስ መምህራችን ባማክራቸው፥ ሁለት ነገሮችን አደባልቄ እንደ ነበር አስረዱኝ። አንደኛው የውጭው ድምፅ ወደ ውስጥ እንዳይገባ መከልከል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በውስጥ ያለው ድምፅ እንዳያስተጋባ ማለዘብ ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

የውጭውን ድምፅ የሚከለክለው ክብደትና መደፈን ነው። የግድግዳ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር ሰብሮ የሚያልፈው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምንንቀው ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ለዚህ ሥራ ከቀጭን ጣውላ እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ድምፅንም ያሳልፋልና የበሩንና የመስኮቱን ዳር በጨርቅ ወይም በላስቲክ መድፈን ያስፈልጋል። ብዙ ወጣቶች ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት የእንቁላል ካርቶን ቀላል ወረቀት ስለ ሆነ የጎረቤትን ሬዲዮ አያቆምም። ደካማው የቤታችን ወገን ጣራው ነው። ቆርቆሮን ዝናብ ሲመታው ዝም የሚያሰኝ ርካሽ ዘዴ የለምና ከበታቹ ወፍራም ኮርኒስ መሥራት፥ ያም ካልተቻለ ዝናብ የሌለበትን ቀንና መኪና የማይበዛበትን ሰዓት መምረጥ ብልኅነት ነው።

የውስጡን ማስተጋባት የሚያለዝበው ደግሞ ወፍራምና ለስላሳ ነገር ነው። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። የእኛ ሳሎን ርዝመቱም ወርዱም 3 ሜትር ስለ ሆነ፥ ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ደርሶ በሴኮንድ 57 ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ በዚህ ልክ ያለውም ወፍራም ድምፅ ያለ አግባብ ያብጣል። ርዝመትና ወርዱ እኩል በሆነ ክፍል ይህ እብጠት በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚደራረብ፥ የሚመርጥ ሰው ርዝመቱ፥ ወርዱና ከፍታው የተለያየ ክፍል ይምረጥ። ቀጭን መጋረጃ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ይውጣል፤ ወፍራሙን ለመያዝ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነገር፥ ከግድግዳውም ጥቂት ራቅ ብሎ መቆም አለበት። ለዚህም አሮጌ የጥጥ ፍራሽ፥ የታጠፈ ብርድ ልብስና ጋቢ፥ ጨርቅ የታጨቀበት የቡና ጆንያ በቂ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ የሚቀጣጠሉ ናቸውና ከሻማ፥ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከምድጃ ይራቁ።

የክፍሉ ፈተና ቀላል ነው። መካከሉ ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው እየተንቀጠቀጠ ከተመለሰ ክፍሉ ገና ነው፤ ወዲያው ከሞተ ግን ተሰናድቷል። ከዚህ በኋላ ዘፋኙ ከማይክሮፎኑ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ የድምፁም ልክ ከጣሪያው በ12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይበል፤ ድንገት ከፍ ቢል እንዳይሰነጠቅ ነው።

«በቤት ውስጥ የተቀረጸ ድምፅ ከቁም ነገር አይገባም» የሚሉ ይኖራሉ። ኃይሉ መርጊያና ዳህላክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1978 «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለውን ካሴት የቀረጹት በስቱዲዮ ሳይሆን በአዲስ አበባ ግዮን ሆቴል በሚጫወቱበት ክበብ ውስጥ ነበር፤ ካሴቱም ከብዙ ዓመት በኋላ በውጭ አገር እንደ ገና ታትሟል። ጆ ሚክ የተባለው እንግሊዛዊ ከቆዳ ዕቃ ሱቅ በላይ በተከራየው ቤት ያዘጋጀው «ቴልስታር» እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ወጥቷል። በዘመናችንም ቢሊ አይሊሽ ከወንድሟ ጋር በወላጆቿ ቤት፥ በመኝታ ክፍል የቀረጸችው አልበም እ.ኤ.አ. በ2020 የግራሚን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። አልጋና ፍራሽ ያለበት መኝታ ክፍል ከባዶ ሳሎን የተሻለ ስቱዲዮ መሆኑን እኔ ዘግይቼ ተረዳሁት።

የተከበራችሁ ወላጆች ደግሞ «ይህ ሁሉ ከትምህርት የሚያዘናጋ ጨዋታ ነው» ትሉ ይሆናል። ፍርሃታችሁ በከንቱ አይደለም፤ ያለ አሳብ ዕቃ የሚገዛ ልጅ ገንዘባችሁን ያባክናል፤ እኔም አባክኛለሁ። ነገር ግን ክፍሉን ለክቶ፥ አስቦና በእጁ ሠርቶ የሚጀምር ልጅ ፊዚክስን ከጥቁር ሰሌዳ ይልቅ በግድግዳው ላይ ይማራል። ስለዚህ ልጃችሁ ማይክሮፎን ግዙልኝ ሲላችሁ እሺም እምቢም አትበሉት፤ «በመጀመሪያ ክፍልህን አሳየኝ» በሉት።

እናንተም ጓደኞቼ፥ በገለምሶም ሆነ በጭሮ፥ በበዴሳም ሆነ በሂርና፥ በየቤታችን አንድ አኮ ወይም አንድ ሽማግሌ አለ። የሚያውቁትን ዘፈንና ታሪክ ሁሉ የያዙት በወረቀት ሳይሆን በጉሮሯቸው ነው። ማይክሮፎን ባይኖራችሁ እንኳ ባላችሁ ስልክ፥ በተሰናዳ ክፍል ውስጥ፥ ዝናብ ሳይመጣ ቅረጿቸው። እኔ ዛሬ የተሰናዳ ክፍል አለኝ፤ በጭቃው ግድግዳ ላይም የአኮ አሮጌ ጋቢ ተሰቅሏል። የጎደለው ግን የእርሷ ድምፅ ነው።