ይድረስ ለዶክተር ክሪስቲና ሲፉዌንቴስ



አያውቁኝም። እንጀራዬ ሌሎች ሰዎች ጽፈው የተዉዋቸውን ፕሮግራሞች መጠገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡትን የዶክትሬት ጥናት ያነበብኩትም ሥራው አላላውስ ሲለኝ ነው። ምስጋናዬን በአደባባይ የጻፍኩት በሥራዎ የሚጠቀመው ብዙ፣ ስምዎን የሚያውቀው ግን ጥቂት ስለሆነ ነው።

ፕሮግራመር ሰው የሚያነበውን ሶርስ ኮድ ይጽፋል፤ ኮምፓይለር ያንን ወደ ማሽን ትእዛዝ ይለውጠዋል። ሲለውጠው የቫሪያብሎቹ ስም ይጠፋል፤ በየመስመሩ ጎን የተጻፈው ማስታወሻ ይጠፋል፤ «ይህ እስኪሞላ ድገም» የሚለው ሐሳብም «እዚህ ዝለል፣ እዚያ ዝለል» ሆኖ ይበታተናል። ሶርስ ኮዱ የጠፋ ዕለት መሥሪያ ቤቱ እጅ ላይ የሚቀረው የሚሠራ፣ ግን ማንም ደፍሮ የማይነካው ፋይል ነው።

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ማይክሮሶፍት በኦፊስ ውስጥ ያለውን አሮጌ የሒሳብ ቀመር መጻፊያ ሲያርም፣ የሶፍትዌር ክፍተት የሚጠግነው የዜሮፓች ባለሙያዎች የበፊቱንና የኋላውን ፋይል አስተያዩ። ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ኮምፓይል አልተደረገም፤ ማሽን ኮዱ ላይ በእጅ ተሠፍቷል። ሶርስ ኮዱ ጠፍቶ ይሆን ብለው መጠርጠራቸው አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ፕሮግራሙ ከነአካቴው ተነሣ።

ማሽን ኮድን ወደ ኋላ የመመለስ ሐሳብ ከእርስዎ በፊትም ነበር። በአሜሪካ ባሕር ኃይል የኤሌክትሮኒክስ ላቦራቶሪ ዲ-ኔሊያክ የተባለው ዲኮምፓይለር እ.ኤ.አ. በ1960 ተሠርቷል። እርስዎ ግን ዲሲሲ በተባለው ፕሮግራምዎ ለኢንቴል 80286 የተሠሩ የዶስ ፋይሎችን ወደ ሲ ቋንቋ እየመለሱ፣ መንገዱን ሌላ ሰው ሊከተለው በሚችል መልኩ አስቀመጡት። በየሬጅስተሩ የተበታተነው ስሌት እንዴት ወደ አንድ ሐረግ እንደሚሰበሰብ፣ ከተዘበራረቀው ዝላይ ውስጥ ድግግሞሹና ቅድመ ሁኔታው እንዴት እንደሚለይ አሳዩ።

ከሁሉ አብልጬ የማመሰግንዎት ግን ለላይብረሪ መለያው ነው። አንድ መስመር የምታትም ትንሽ ፕሮግራም እንኳ ኮምፓይለሩ ከራሱ ላይብረሪ የሚጨምርባትን ብዙ ኮድ ተሸክማ ትዞራለች። ይህን የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ውሎ፣ ማታ ላይ የፈታው የማተሚያ ትእዛዙን የውስጥ አሠራር ሆኖ ያገኘዋል። እርስዎ እነዚያን ክፍሎች በአሻራቸው አውቆ የሚያልፍ ዘዴ ስላበጁ፣ ድካማችን ፕሮግራመሩ ራሱ በጻፈው ላይ ብቻ ሆነ።

በቅርቡ የሠራተኞችን የአገልግሎት ዘመን የሚያሰላ የዶስ ፕሮግራም መጣልኝ። ጊድራ በተባለው ዲኮምፓይለር ስከፍተው ስም የለሽ ቫሪያብል ለ1461 ሲካፈል አየሁ። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ ቀሪው ለ30 ይካፈላል፤ 31 እና 28 የሚል የወራት ሠንጠረዥ የትም የለም። ከዚህ በኋላ ምን ስም ያስፈልገዋል? የአራቱ ወንጌላውያን ዘመን በቀን ሲቆጠር 1461 ነው፤ በ30 በ30 እየሄደ 13ኛ ወር ላይ የሚደርሰውም የእኛው መስከረምና ጳጉሜን ነው።

ቀጥሎ ያለው መስመር ግን እስከ ዛሬ አልተፈታልኝም። ከአንዳንድ ሠራተኞች አገልግሎት ላይ 15 ቀን ይቀንሳል። የሚቀንስበትን ሁኔታ አገኘሁት፤ ምክንያቱን ግን አላገኘሁም። የቆየ መመሪያ ይሁን የአንድ አለቃ ትእዛዝ፣ ማሽን ኮዱ ውስጥ አልተጻፈም። አዲሱ ፕሮግራም ላይ እንዳለ አስገብቼ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ብዬ ማስታወሻ ጻፍኩበት።

ይህን ለማለት የደፈርኩት ከእርስዎ ተምሬ ነው። ጥናትዎ ትእዛዝንና ዳታን ሁልጊዜ አጥርቶ መለየት በመርሕ ደረጃ የማይቻል መሆኑን አይሸሽግም። ዲሲሲም የማያውቀውን ቫሪያብል «ሎክ1»፣ «ሎክ2» እያለ ይሄዳል እንጂ ስም አይፈጥርለትም። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያማምሩ ስሞችን እየገመተ ይሰጣል፤ እኔ ሎክ1ን እመርጣለሁ። ያቺን 15 አንዱ መሣሪያ «ቅጣት» ብሎ ቢሰይማት ኖሮ አምኜው አልፍ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ሠራተኞቹን እንደተቀጡ ይቆጥራቸው ነበር።

ጥናትዎን ማንም በነጻ እንዲያነበው ስላደረጉም አመሰግናለሁ። ጊድራንም የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በነጻ ስለለቀቀው፣ አብረውኝ የሚሠሩት ወጣቶች መሣሪያ አልቸገራቸውም። እኔ ግን አስቀድሜ የማስነብባቸው ስለ ዝላዮቹ የጻፉትን ምዕራፍ ነው። ያማርራሉ፤ ያነቡታል።

አክባሪዎ፣
አንድ ፕሮግራመር፣ ከአዲስ አበባ