ላሟ አትጾምም፦ ስለ ሥራ እቅድና ሠራተኛ ምደባ የቀረበ ምላሽ

ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ ላይ አዲስ ድርጅት ይቋቋም ሲባል አንድ ክርክር አይጠፋም። ጾሙ ገበያውን ይዘጋል፣ በዓሉ ሠራተኛውን ያስቀራል፣ የተረፈውን ደግሞ አዝመራው ይወስደዋል፤ ስለዚህ እዚህ አገር እቅድ አይሠራም ይባላል። በእኔ እምነት የማይሠራው እቅድ ሳይሆን፣ ዓመቱን 12 እኩል ቦታ ቆርጦ ለእያንዳንዱ ወር ያንኑ ሠራተኛ የሚመድበው ሰንጠረዥ ነው።

ክርክሩ የሚበረታበትን ሥራ፣ የወተት ማቀነባበርን፣ እንውሰድ። ከጎዛምን ወይም ከማቻከል ገበሬ ወተት የሚሰበስብ ድርጅት በሁዳዴ 55 ቀን ገዢው ይመነምንበታል፤ ላሟ ግን አትጾምም። ይህን አልክድም። ሆኖም መቀዛቀዙ ድንገተኛ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የዘለቀ የአብነት ተማሪ የመጪዎቹን ዓመታት አጽዋማት ቁጭ ብሎ ያወጣቸዋል። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ የ2019ኙ ሚያዝያ 24። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ፣ የ2018 ሚያዝያ ወር 27 የፍስክ ቀን ሲኖረው የ2019ኙ ያለው 7 ብቻ ነው። ያለፈውን ሚያዝያ ሽያጭ አይቶ ለቀጣዩ ሚያዝያ ሰው የሚቀጥር በ20 ቀን ይሳሳታል። ይህን ስህተት በጾሙ ማሳበብ ፍትሕ አይደለም።

በጾም የሚፈለገው ሻጭ ሳይሆን ወተቱን አርግቶ የሚንጥ፣ ቅቤውን የሚያነጥር እጅ ነው። ንጥር ቅቤ ወራት ይቆያል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ሁሉም ቤት ይፈልገዋል። እንግዲህ ናጭና ሻጭ ብሎ ለይቶ ከመቅጠር ሁለቱንም የሚችሉ ጥቂት ሰዎችን ማሠልጠን ይሻላል።

ስለ አዝመራውም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። የጤፍ አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ሰው ያሳጣል። ግን ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት እስከ ገና ይዘልቃል፤ ሠራተኛ የሚጠፋበትና ወተት የማይሸጥበት ወቅት እዚህ ላይ ይገጣጠማሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱን ተነጋግሮ በአጨዳው ላይ ማዋል ሠራተኛውን ለማሳው ያደርሰዋል፣ ድርጅቱንም ከትርፍ ደመወዝ ያድነዋል።

በዓላቱስ? በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ሞፈር አይነካም እንጂ ላም ይታለባል። ስለዚህ የወተት መሰብሰቢያው በተራ ክፍት መሆን አለበት። ዛሬ አንተ ግባልኝ፣ ነገ እኔ እገባልሃለሁ ማለት በወንፈል ላደገ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ አሠሪው ልውውጡን መዝግቦ ቢያጸድቅለት ይበቃል።

አንድ ነጥብ ላይ ግን ተከራካሪዎቼ ልክ ናቸው። ቅቤ ሆኖ የተቀመጠ ወተት የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ገበሬው ደግሞ ሒሳቡን እስከ ፋሲካ አይጠብቅም። የሁለት ወር የወተት ዋጋ ከመነሻው ካፒታል ውስጥ ያልገባለት ድርጅት በመጀመሪያው ሁዳዴ ሊዘጋ ይችላል። ብዙ ጊዜ ባህሉ የሚወቀሰው ይህ ገንዘብ ስለሚዘነጋ ይመስለኛል።

ለ2019 የምታቅዱ ሁሉ፣ መስከረም 1 ብላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሚያዝያ 24 ላይ ምልክት አድርጉና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሁዳዴ የካቲት 29 ይገባል፤ የሚንጡት ሰዎች ከዚያ በፊት ሠልጥነው መገኘት አለባቸው።