ለዘማሪው አዳራሽ፣ ለሕፃኑ ዕቃ ቤት

እኔ የማስተምርበት የሕፃናት ክፍል ከቤተልሔሙ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ግማሹን የጥምቀት ድንኳን፣ የተጠቀለሉ ምንጣፎችና እግራቸው የወለቀ ወንበሮች ይዘውታል፤ በቀረው ግማሽ ከስድሳ የማያንሱ ልጆች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። የአጥቢያችን የመዝሙር ክፍል ግን አዳራሽ አለው። ለየበዓሉ የሚለበስ ልብስ፣ ከበሮና ጸናጽል፣ ድምፅ ማጉያና ሚክሰር የሚቆለፍበት ቁም ሣጥንም አለው። አጥቢያውን በስም አልጠራውም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፣ ከማውቃቸውም አጥቢያዎች ብዙ አይለይም። ከዩኒቨርሲቲ ተማሪነቴ ጀምሮ እዚህ አስተምሬያለሁ። ዛሬ የባንክ ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ልጆቼም እዚያው ቆርቆሮ ቤት ይማራሉ። ስለዚህ የምናገረው እንደ መምህርም እንደ ወላጅም ነው፦ ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ገንዘባቸውን፣ ጉልበታቸውንና ጎበዝ ሰዋቸውን ለዝግጅት እየሰጡ ማስተማሩን ለትርፍ ሰዓት ትተውታል።

ዓመቱ እንዴት እንደሚያልፍ ልንገራችሁ። መስከረም ሲጠባ የደመራ ትርኢት ልምምድ ይጀመራል። ኅዳር ላይ ሚካኤልና ጽዮን፣ ታኅሣሥ ላይ ገብርኤልና ልደት አሉ፤ ለእያንዳንዱ የመዝሙር ጥናት፣ ለእያንዳንዱ የልብስ ጉዳይ። ጥምቀት ሲደርስማ ትምህርት የሚባል ነገር አይነሣም። ቲሸርት ይታተማል፣ በቀለሙ ላይ ሦስት ስብሰባ ይደረጋል፣ ምንጣፍ የሚያነጥፉትና መንገድ የሚያጸዱት ይመደባሉ። ወጣቶቹ ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ ጠቅልለው፣ ተሸክመው፣ በሩጫ ቀድመው እንደገና ሲያነጥፉ ሳይ እኔም ዕንባዬ ይመጣል፤ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ የእነዚህም ልጆች ላብ አለበት ብዬ ደስ ብሎኛል። ከጥምቀት በኋላ ጉዞ አለ፣ ሆሳዕና አለ፣ ትንሣኤ አለ። ከዚያ የትምህርት ቤት ፈተና ይመጣና ልጆቹ ይበተናሉ። ሕፃናቱ ረጋ ብለው የሚማሩት እንግዲህ በመካከል በተረፈው እሁድ ነው።

በዚያ በተረፈው እሁድ ማን ያስተምራቸዋል? ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ማታ ተደውሎለት «ነገ አንተ ግባ» የተባለ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። እሱ ምን ያድርግ? ዳዊትና ጎልያድን ይተርካል። በሚቀጥለው እሁድ የሚገባው ተረኛ ያለፈውን ስለማያውቅ እሱም ዳዊትና ጎልያድን ይተርካል። ልጆቹ ጎልያድ መቼ እንደሚወድቅ ስለሚያውቁ ቀድመው ያጨበጭባሉ። ለዚህ ዓይነቱ ችግር መፍትሔ እንዲሆን ለሰንበት ትምህርት ቤቶች ወጥ ሥርዓተ ትምህርት ተዘጋጅቷል፤ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም መጽሐፉ ዕቃ ቤት ውስጥ ባሉት ልጆች እጅ እንዲደርስ የሚገዛ፣ መምህሩም እንዲዘጋጅ ጊዜ የሚሰጠው አጥቢያ ያስፈልጋል።

የልጆቹ ጥያቄ ደግሞ ቀላል አይደለም። በፍልሰታ አንዲት ልጅ «እግዚአብሔር ራሱ ይጾማል?» አለችኝ። አንዱ ውሻው እንደሞተ ነግሮኝ ገነት ይገባ እንደሆነ ማረጋገጫ ፈለገ፤ «ምናልባት» ስለው አልተዋጠለትም። ጌታችን ለምን ጾመ ወደሚለው ትምህርት ከሕፃን ጥያቄ የተሻለ መግቢያ የለም፤ ግን በሩ ሲከፈት ልጆቹን ይዞ የሚገባ ሰው ይፈልጋል። ያልተዘጋጀው ወንድማችን «እንዲህ አይባልም» ብሎ ይዘጋዋል።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ያሉት ላይ ነገሩ ይብሳል። እነዚህ ልጆች የሃይማኖት ክርክር የሚሰሙት ከስልካቸው ነው። ቲክቶክ ላይ አንዱ ተሳድቦ ይናገራል፣ ሌላው ተሳድቦ ይመልሳል፤ ልጁ ግራ ተጋብቶ እሁድ ይዞት ይመጣል። «እንዲህ ያለ ነገር አትስማ» ይባላል። ልጁ መስማቱን አይተውም፤ የሚተወው እኛን መጠየቁን ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ይጠፋና ለጥምቀት ቲሸርት ሊወስድ ብቅ ይላል። እኛም «ወጣቱ ከቤተ ክርስቲያን አልራቀም፣ ጃን ሜዳን አላያችሁም?» እንላለን።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ። ከእኛ ቆርቆሮ ቤት ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት የአጥቢያው የአብነት መምህር ይኖራሉ። ዜማውን ከነምልክቱ፣ ቅኔውን ከነአገባቡ የተማሩ፣ ውዳሴ ማርያምን ከነትርጓሜው የሚያወርዱ የኔታ ናቸው። የሚያስተምሩት ለዲቁና የሚዘጋጁ ጥቂት ልጆችን ነው። ስድሳ ሕፃናት ግን በየሳምንቱ በደጃቸው ያልፋሉ። ሰንበት ትምህርት ቤቱና ካህናቱ በአንድ ግቢ ውስጥ እንደ ባዕድ የሚተያዩበት ምክንያት አይጠፋም፤ ወጣቶቹ «የኔታ ለዘመኑ ልጅ አይመቹም» ይላሉ፣ ካህናቱ ደግሞ ሰንበት ተማሪውን ሳይማር መድረክ የወጣ አድርገው ያዩታል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፤ ክፍያው ግን በልጆቹ ላይ ነው። ልጆቻችን በየበዓሉ የሚዘምሩትን የግእዝ መዝሙር ምን እንደሚል አያውቁትም፤ የሚያውቁት ሰው ግድግዳ ተሻግረው ተቀምጠዋል።

አንድ እሁድ የኔታን ለምኜ አስገባኋቸው። ልጆቹ መጀመሪያ ፈሩ፤ መቋሚያቸውንም ዐይተው «ይመታሉ?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። እሳቸው ስለ ቅዱስ ያሬድ ጀመሩ። ትምህርት አልገባ ብሎት፣ መምህሩ ጌዴዎን ቀጥተውት፣ ሸሽቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ግንዱን ለመውጣት እየወደቀች ደግማ ስትሞክር ማየቱን ነገሯቸው። በትምህርት ቤት ሒሳብ የከበደው አንድ ልጅ አፉን ከፍቶ ሲሰማ አየሁት። ከዚያ አንዱን ሃሌ ሉያ በግእዝ፣ ደግሞ በዕዝል፣ ደግሞ በአራራይ አሰሟቸውና ልዩነቱን ንገሩኝ አሏቸው። ልጆቹ ተከራከሩ። አንዷ «ሦስተኛው እንደሚያባብል ነው» አለች፤ የኔታ ሣቁ። ልብስ አልተሰፋ፣ ድምፅ ማጉያ አልተተከለ፤ ከዚያ ቤት የወጡት ልጆች ግን በመንገድ ላይ ሃሌ ሉያውን እየደጋገሙ ሄዱ።

በየሳምንቱ እንዲመጡ ሐሳብ አቀረብኩ። ለአበል የተያዘ በጀት እንደሌለ ተነገረኝ። በዚያው ወር ለመዝሙር ክፍሉ አዲስ ልብስ ተሰፋ።

መዝሙርን አቃልላለሁ ብሎ የሚነሣብኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። አላቃልልም። ማታ ማታ ጥናት ባይኖር ጫት ቤት የሚገኙ ወጣቶችን በስማቸው አውቃቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ በከበሮው ተስበው መጥተው በዚያው ቆርበዋል። የምለው ከበሮው ካስገባቸው በኋላ የሚያስተምር ሰው ካልጠበቃቸው አዳራሹ መጠናናኛና ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ይሆናል ነው። እንዲህ ሲሆንም ዐይቻለሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ለማለትም አይደለም፤ ድሮም ችግር ነበር። እናቴ ሰንበት ተማሪ የነበረችው በደርግ ዘመን ነው፤ የቀበሌ ስብሰባ እሁድ ጠዋት ይጠራ ነበር፣ የቀረ ይገመገም ነበር። አዳራሽ አልነበራቸውም። የነበራቸው መምህር ነው። በዚያው ዘመን የሸዋው ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ካልዕ ወጣቶችን ዝዋይ ላይ እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። የቤተ ክርስቲያኒቱን ታሪክ በመጽሐፍ ያዘጋጁ ሊቅ ናቸው፤ ይህን ሥራ ግን ለረዳት አልተዉትም፣ ራሳቸው ልጆቹ ፊት ይቆሙ ነበር። በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ቢያርፉም በእሳቸው እጅ ያለፉት ወጣቶች በየአጥቢያው መምህራን ሆነው ቆይተዋል። ዛሬ ስንት የደብር አለቃ በዓመት አንድ ጊዜ ሕፃናት ክፍል ገብቶ ይቀመጣል?

የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ልጆቹን አልረሳቸውም። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ በሰበካ ጉባኤው ውስጥ ከካህናትና ከምእመናን ጋር የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም እንዲወከሉ አድርጓል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት ዕድሜ ከ4 እስከ 30 ዓመት ነው። ችግሩ ጉባኤው ላይ የሚቀመጠው ተወካይ ሁልጊዜ ከሠላሳዎቹ በኩል መሆኑ ነው። እሱ የሚጠይቀው የሚቸግረውን ነው፦ አዳራሽ፣ ልብስ፣ ማጉያ፣ የጉዞ አውቶቡስ። ለአምስት ዓመቷ ልጅ ወንበር የሚጠይቅላት የለም።

ወላጆችም አንጠይቅም። ልጁን ከቅዳሴ በኋላ እናስገባለን፣ ውጭ ቆመን እናወጋለን፣ ሰዓቱ ሲረዝም «አልጨረሱም እንዴ?» ብለን እንደውላለን። የሒሳብ ውጤቱ ሲወርድ መምህሩን ፍለጋ ትምህርት ቤት የምንሄድ ሰዎች፣ እሁድ ምን ተማርክ ብለን የጠየቅንበት ቀን ትዝ አይለንም።

የሰበካ ጉባኤው ዓመታዊ ሪፖርት ሲነበብ አትቅሩ። የሕንፃው ወጪና የሱቆቹ ኪራይ ተነብቦ ሲያበቃ እጃችሁን አውጥታችሁ ለሕፃናት ክፍል በዓመቱ ስንት እንደወጣ ጠይቁ። አልተመደበም ከተባለ በዚያው ስብሰባ እንዲመደብ አስወስኑ፤ የመጀመሪያው ወጪም የየኔታ አበል ይሁን።