ቤቱ የጋራ፣ ካርታው የባል!

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴት በመሬት ከወንድ እኩል መብት አላት ይላል፡፡ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም፣ ንብረቱ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይነሳል፡፡ ሕጉስ እሰየው! ነገሩ ግን ወዲህ ነው፡፡

እኛ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ባል ሲሸምን ሚስት ጥጥ ስትፈትል ነው ጎጆው የቆመው፡፡ ካርታው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የማየው የአባወራውን ስም ብቻ ነው፡፡ እሱ ሹልክ ብሎ ቢሸጠው፣ ሚስት ባወቀች በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰች መብቷ ላም አለኝ በሰማይ ነው፡፡

ለመሆኑ በአማራ ክልል የገበሬ ሚስት ፎቶዋ ከባሏ ጎን በይዞታ ደብተር ላይ ሲለጠፍ፣ የከተማዋ ሚስት ምን አጠፋች? መሬት አስተዳደሮች ሆይ፣ ካርታ ስትሰጡ የጋብቻ ማስረጃ ጠይቁ፤ የሁለቱንም ስም ጻፉ!